ታት ታርን በምን ያውቀዋል?

ኤች አይ ቪ በንብረት ድሃ ነው። ያለው ወደ 9,700 ገደማ ፊደላት የተደረደሩበት አር ኤን ኤ እና ዘጠኝ ጂኖች ብቻ ናቸው። የሚወረው የሰው ሴል ግን ፕሮቲን የሚያሠሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። ቫይረሱ ይህን ያህል ቆጣቢ ሆኖ ሳለ ከዘጠኙ ጂኖች ሁለቱን ለአስተዳደር ሥራ መድቧል። ታት እና ሬቭ የሚባሉት ሁለት ፕሮቲኖች የቫይረሱን ቅርፊትም ሆነ ሽፋን አይገነቡም። ታት የቫይረሱ ጂን ሳይቋረጥ እንዲገለበጥ ያደርጋል፤ ሬቭ ደግሞ የተገለበጠው አር ኤን ኤ ከኒውክለስ እንዲወጣ መንገድ ይከፍታል። ሁለቱም ሥራቸውን የሚጀምሩት የቫይረሱን አር ኤን ኤ ለይተው በመያዝ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ "ለይቶ መያዝ" የሚባለው ነገር ነው፤ ዛሬ እናንተንም እንዲነሳችሁ እፈልጋለሁ።

እስቲ ችግሩን ከታት ወገን ሆነን እንየው። በኒውክለስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የአር ኤን ኤ ዓይነቶች ይርመሰመሳሉ። ሁሉም የተሠሩት ከእነዚያው ከአራቱ ፊደላት፣ ከኤ፣ ከዩ፣ ከጂ እና ከሲ ነው። የሁሉም ጀርባ በፎስፌት የተሞላ ስለሆነ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ታት ከዚህ ሁሉ መሀል የቫይረሱን መርጦ መያዝ አለበት። መሣሪያው ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታት አብዛኛውን ጊዜ 101 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ አር ኤን ኤውን የሚጨብጡት ግን በዋናነት ከ49ኛው እስከ 57ኛው ያሉት ዘጠኙ ናቸው። ተራቸውም አርጂኒን፣ ላይሲን፣ ላይሲን፣ አርጂኒን፣ አርጂኒን፣ ግሉታሚን፣ አርጂኒን፣ አርጂኒን፣ አርጂኒን ነው።

ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ "ይሄማ ግልጽ ነው" ሊል ይችላል። አርጂኒንም ላይሲንም ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፤ አር ኤን ኤ ኔጋቲቭ ነው፤ ይሳሳባሉ። ልክ ነው፣ ይሳሳባሉ። ነገር ግን በቻርጅ ብቻ የሚሳሳብ ፕሮቲን ያገኘው አር ኤን ኤ ላይ ሁሉ ይለጠፋል። መጣበቅና መለየት ለየቅል ናቸው። ታት እንዴት እንደሚጣበቅ ቻርጁ ይነግረናል፤ እንዴት እንደሚለይ ለማወቅ ግን ዓይናችንን ከፕሮቲኑ አንስተን ወደ አር ኤን ኤው ማዞር አለብን።

ጉብታው

የቫይረሱ አር ኤን ኤ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚወጡት 59 ፊደላት ታር ይባላሉ። አር ኤን ኤ ነጠላ ፈትል ቢሆንም በራሱ ላይ ተመልሶ መታጠፍ ይችላል፤ ሲታጠፍ ኤ ከዩ፣ ጂ ከሲ ጋር እየተጣመሩ ጥምዝ ግንድ ይሠራሉ። ታርም እንዲሁ ነው። ከጫፉ ላይ ስድስት ፊደላት ያሉት ቀለበት አለው። ከቀለበቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ በአንዱ ወገን ብቻ ሦስት ፊደላት፣ ዩ፣ ሲ፣ ዩ፣ ያለ ተጣማሪ ቀርተዋል። ሸሚዝ ስትቆልፉ በአንዱ ወገን ሦስት ቁልፎች ዘላችሁ ብትቀጥሉ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ የተዘለለው ጨርቅ ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ሸሚዙም ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ታር ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሦስቱ ፊደላት ጉብታ ሠሩ፣ ግንዱም ጉብታው ላይ ጎበጠ።

ይህ ጉብታ እንደ ጉድለት ሊታይ ይችላል፤ ለታት ግን በር ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የጥምዙን ቅርጽ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ፈትሎች ሲጠማዘዙ በመካከላቸው ቦይ ይፈጠራል፤ ፊደላቱን ከውጭ ማንበብ የሚቻለው በዚህ ቦይ በኩል ነው። በዲ ኤን ኤ ላይ ዋናው ቦይ ሰፊ ስለሆነ ፕሮቲኖች እንደልብ ገብተው ፊደላቱን ይነካካሉ። በአር ኤን ኤ ጥምዝ ግን ዋናው ቦይ ጥልቅና ጠባብ ነው፤ ፊደላቱ ከታች አሉ፣ እጅ ግን አይደርስባቸውም። ፍጹም የሆነ፣ አንድ ጥንድ እንኳ ያልጎደለበት የአር ኤን ኤ ግንድ ለፕሮቲን የተዘጋ መጽሐፍ ማለት ነው። ጉብታው ያንን ጠባብ ቦይ በአንድ ቦታ ይከፍተዋል። ቫይረሱ አድራሻውን የጻፈው ግንዱ በተበላሸበት ቦታ ላይ ነው።

አንዲት አርጂኒን

አሁን ወደ ዘጠኙ አሚኖ አሲዶች እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1991 አላን ፍራንክልና ባልደረቦቹ ለዓይን ቀላል የሚመስል፣ ውጤቱ ግን አነጋጋሪ የሆነ ሙከራ አደረጉ። የታትን ተራ ትተው ዘጠኝ አርጂኒኖችን ብቻ ቢደረድሩ ታርን ይይዛልን? ይይዛል። ዘጠኝ ላይሲኖችንስ ቢደረድሩ? አይሆንም፤ ቻርጁ ያው ፖዘቲቭ ቢሆንም ታርን ከሌላው የመለየት ችሎታው ይጠፋል። ከዚያ በላይሲኖቹ መሀል 52ኛው ቦታ ላይ አንዲት አርጂኒን መልሰው አስገቡ። መለየቱ ተመለሰ! ስምንቱ ላይሲኖች ሊይዙ እንጂ ሊለዩ አልቻሉም፤ የምትለየው አንዷ አርጂኒን ነበረች።

አርጂኒን ከላይሲን ምን ይበልጣል? ላይሲን ጫፉ ላይ ቻርጁን የሚሸከመው በአንድ ናይትሮጂን ነው። የአርጂኒን ጫፍ ግን ሦስት ናይትሮጂኖች ያሉት ጠፍጣፋ ቅርጽ ነው፤ በዚያ ላይ ለሃይድሮጂን ትስስር ሊሰጡ የሚችሉ አምስት ሃይድሮጂኖች በተለያየ አቅጣጫ ተዘርግተዋል። ስለዚህ በአንድ ጎኑ የጂ ፊደልን ጠርዝ ይዞ፣ በሌላው ጎኑ የጀርባውን ፎስፌቶች መያዝ ይችላል። ፍራንክልና ባልደረቦቹ ፎስፌቶቹን የሚይዝበትን መንገድ "የአርጂኒን ሹካ" አሉት። ላይሲን ፎስፌቱን ሊነካ ይችላል፣ እንዲህ በሁለት ወገን ማንበብና መያዝ ግን አይችልም።

ቀጣዩ ዓመት ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 ጆሴፍ ፑግሊዚ፣ ጄምስ ዊሊያምሰን፣ ፍራንክልና ባልደረቦቻቸው የአቶሞችን አቀማመጥ በማግኔት በሚለካው በኤን ኤም አር መሣሪያ ታርን መረመሩ። ፕሮቲኑን ጭራሽ ተዉትና አርጂኒንን ብቻ፣ ያውም በሌላኛው ጫፏ ትንሽ የተለወጠ አንድ ሞለኪውል፣ ከታር ጋር ቀላቀሉ። ታር ቅርጹን ለወጠ። ተንጠልጥላ የነበረችው የጉብታው የመጀመሪያ ፊደል፣ 23ኛዋ ዩ፣ ወደ ቦዩ ገብታ ቀድሞ ከተጣመሩት ከ27ኛዋ ኤ እና ከ38ኛዋ ዩ ጋር ሦስተኛ ሆነች። አርጂኒኗም በዚህች ዩ እና በአጠገቧ ባለችው በ26ኛዋ ጂ ዙሪያ በተሠራው ኪስ ውስጥ ተቀመጠች። የቀሩት ሁለቱ የጉብታው ፊደላት ወደ ውጭ ተገለበጡ፤ ጎብጦ የነበረው ግንድ ቀና አለ።

ልብ በሉ፤ አርጂኒኗ የገባችበት ኪስ ከመምጣቷ በፊት እንደዚያ ተሠርቶ የሚጠብቅ አልነበረም። 23ኛዋን ዩ በሌላ ፊደል ብትቀይሯት ኪሱ አይሠራም፣ ታትም ይሳነዋል። ከእሷ ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን ብትቀይሯቸው ግን ብዙ ለውጥ የለም፤ ሥራቸው ቦታ ማስፋት ነው። ተፈጥሮ ራሷም ይህን ፈትናዋለች። በደቡብ ምሥራቅ እስያ በብዛት በሚገኘው የኤች አይ ቪ ዓይነት ጉብታው ሁለት ፊደላት ብቻ አሉት፤ ታት ግን ሥራውን ይሠራል።

ታዲያ ታር ይህን ቅርጽ ከየት አመጣው? ሃሺም አል-ሃሺሚ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 የነጻውን ታር እንቅስቃሴ በኤን ኤም አር ተከታተለ። ታር ማንም ሳይነካው ሲታጠፍ፣ ሲዞር፣ ሲቀና አገኙት፤ ከሚያልፍባቸው ቅርጾች መሀል ተያይዞ ሲገኝ የሚይዛቸውን የሚመስሉ ነበሩበት። ያዢው ያንን ቅርጽ ከባዶ አይፈጥረውም፤ ታር በራሱ ጊዜ ሲደርስበት አግኝቶ እዚያው ያቆየዋል። በሌላ በኩል የታት ዘጠኝ አሚኖ አሲዶችም ብቻቸውን ሲሆኑ ቋሚ ቅርጽ የላቸውም። ሁለት ቅርጽ የለሾች ሲገናኙ ሁለቱም ቅርጽ ያገኛሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ መለየት የሚባለው ሥራ ግማሹ የአር ኤን ኤው ነው።

የቀለበቱ እንቆቅልሽ

እስካሁን ስለ ጉብታው ብቻ ነው የተናገርነው። ስድስት ፊደላት ያሉት ቀለበትስ? በላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ ታት ብቻውን ታርን ሲይዝ ቀለበቱ ግድ አይሰጠውም። በሕያው ሴል ውስጥ ግን ቀለበቱን ስትቀይሩ ታት ሥራ ያቆማል። ሌላ የማይታይ እጅ እንዳለ ተመራማሪዎች ለዓመታት ጠረጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በሳልክ ኢንስቲትዩት የካትሪን ጆንስ ቡድን እጁን አገኘው፤ ሳይክሊን ቲ 1 የተባለ የሰው ፕሮቲን ነበር። ታት ወደ ታር የሚመጣው ከእሱ ጋር ተጣምሮ ነው። ታት ጉብታውን ይይዛል፣ ሁለቱ አብረው ቀለበቱን ይለያሉ፣ አያያዙም ታት ብቻውን ከሚይዘው ይጠብቃል፤ የመለየት ችሎታውም ይጨምራል።

እዚህ ላይ የምወደው ዝርዝር አለ። ታት በአይጥ ሴል ውስጥ እምብዛም አይሠራም። ምክንያቱ ተፈልጎ ተፈልጎ አንዲት አሚኖ አሲድ ላይ ደረሰ። የሰው ሳይክሊን ቲ 1 በ261ኛው ቦታ ላይ ሲስቲን አለው፤ የአይጡ ታይሮሲን። ታትና ሳይክሊን ቲ 1 በዚንክ አማካይነት ሲያያዙ ያቺ ሲስቲን ታስፈልጋለች። የአይጡን ታይሮሲን ወደ ሲስቲን ስትቀይሩት ታት በአይጥ ሴል ውስጥም ታርን ይዞ ይሠራል። አር ኤን ኤን የመለየት ነገር አር ኤን ኤውን በማይነካ አንድ ቦታ ላይም ሊወሰን ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? የቫይረሱ ጂን በሰው ዲ ኤን ኤ ውስጥ ከተሰካ በኋላ የሚገለብጠው የሴሉ ኤንዛይም፣ አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝ ሁለት ነው። ታት ከሌለ ኤንዛይሙ ይጀምርና አጭር ርቀት፣ ታርን ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ከሄደ በኋላ ይቆማል። የማቲያ ፒተርሊን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳየው የታት ሥራ መነሻውን ማፋጠን ሳይሆን ይህን መቋረጥ ማሸነፍ መሆኑን ነበር። ሳይክሊን ቲ 1 ሲ ዲ ኬ 9 የተባለ ኤንዛይም አብሮት ይዞ ይመጣል፤ ሲ ዲ ኬ 9 በቆመው ፖሊመሬዝና በያዙት ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ፖሊመሬዙም ተለቆ እስከ መጨረሻው ይገለብጣል። ግልበጣው በመቶ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ታር ከዲ ኤን ኤው ይልቅ አር ኤን ኤው ላይ መሆኑ ብልህነት ነው፤ ታት የሚይዘው ቦታ የሚወጣው ልክ ፖሊመሬዙ በሚቆምበት ቦታና ሰዓት ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ታት ራሱ የሚሠራው ከተገለበጠው አር ኤን ኤ ነው። ብዙ ግልበጣ ብዙ ታት ያመጣል፣ ብዙ ታት ብዙ ግልበጣ። በተቃራኒው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ታቶች በቂ ካልሆኑ ዑደቱ አይነሳም፤ ቫይረሱ በሴሉ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ያደፍጣል። በኢትዮጵያም ሆነ በብዙ አገሮች ዋና መድኃኒት የሆነው የቴኖፎቪር፣ የላሚቩዲንና የዶሉቴግራቪር ጥምር ቫይረሱ ወደ አዲስ ሴል እንዳይሰካ ይከለክላል፤ አስቀድሞ የተሰካውን ግን አይነቅለውም፣ ከታትም ጋር ጉዳይ የለውም። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ የሚያስፈልገውም ካደፈጡት አንዱ በማንኛውም ቀን ሊነሳ ስለሚችል ነው።

ሌላው ነገር፣ ሲ ዲ ኬ 9 ሥራ ፈትቶ ታትን የሚጠብቅ አይደለም። አብዛኛው ሰባት ኤስ ኬ በተባለ የሴሉ አር ኤን ኤና ሄክሲም 1 በተባለ ፕሮቲን ታስሮ ይቀመጣል፤ የሰባት ኤስ ኬ ሚና እ.ኤ.አ. በ2001 በሁለት ቡድኖች ተገለጸ። ሄክሲምም አር ኤን ኤውን የሚይዘው በአርጂኒን በበዛበት ክፍሉ ነው፤ ሰባት ኤስ ኬ ላይም ታርን የሚመስል ቦታ አለ። ታት እዚያ ገብቶ ሄክሲምን ያፈናቅልና ሲ ዲ ኬ 9ን ይዞ ይወጣል። ቫይረሱ የተጠቀመው ሴሉ ራሱ ሲሠራበት በኖረው ዘዴ ነው።

ሬቭ በሌላ መንገድ

ታትን አይቶ ሬቭን አለማየት ምግቡን በግማሽ መተው ነው። ሬቭ 116 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ እሱም አርጂኒን የበዛበት ክፍል አለው። የሚይዘው አር አር ኢ የተባለውን፣ ወደ 350 ገደማ ፊደላት ያሉትን የቫይረሱን አር ኤን ኤ ክፍል ነው። በዚህኛው ላይ ቦዩን የከፈተው ያልተጣመረ ጉብታ ሳይሆን ከደንቡ ውጭ የተጣመሩ ፊደላት ናቸው፤ ጂ ከጂ፣ ጂ ከኤ ጋር። ትልልቆቹ ፊደላት ፊት ለፊት ስለገጠሙ ፈትሎቹን ያራርቋቸዋል፤ የሬቭ ክፍል ቀጥ ያለ ጥምዝ ሆኖ በተከፈተው ቦይ ውስጥ ይተኛል። አርጂኒኖቹ ብቻ ሳይሆኑ አንዲት አስፓራጂንም ያንን የጂና የኤ ጥምረት ታነባለች። ቀጥሎ ሌሎች ሬቮች እየተደረቡ ይመጣሉ። በቂ ሬቭ ሲከማች የሴሉ አጓጓዥ ፕሮቲን ያልተቆራረጠውን ሙሉ አር ኤን ኤ ከኒውክለስ ያወጣዋል፤ ቫይረሱም ቅርፊቱንና ሽፋኑን መሥራት ይጀምራል።

ሥዕሉን ትንሽ እናስፋው። የከብት ኤች አይ ቪ ሊባል የሚችለው ቢ አይ ቪም የራሱ ታትና ታር አለው። የእሱ ታት ግን ታርን ሲይዝ ጥምዝ አይሠራም፤ ወዲያና ወዲህ የታጠፈ ሪባን መስሎ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያን የሚወረው ላምዳ የተባለው ቫይረስም ኤን የሚባል ፕሮቲን አለው፤ እሱ ደግሞ መሀሉ ላይ የታጠፈ ጥምዝ ይሆናል። ሁሉም አርጂኒን የበዛባቸው አጫጭር ክፍሎች ናቸው፣ ሁሉም ሌላ ሌላ ቅርጽ ይይዛሉ። ቅርጹን በመወሰን በኩል አር ኤን ኤው ትልቅ ድርሻ አለው።

ይህ ለመድኃኒት ፈላጊዎች ራስ ምታት ነው። በታትና በታር ወይም በሬቭና በአር አር ኢ መካከል ገብቶ ሥራቸውን የሚያግድ፣ ለሕክምና የጸደቀ መድኃኒት የለም። ምክንያቱን አሁን እናንተም መገመት ትችላላችሁ። ታር እየተንቀሳቀሰ የሚኖር ነው፤ ኪሱ የሚሠራው በግንኙነቱ ሰዓት ነው፤ በቻርጅ የሚሳብ ሞለኪውል ደግሞ ሌላው አር ኤን ኤ ላይ ሁሉ ይለጠፋል። ሱዛና ቫሌንቴ የምትመራው ቡድን ከዚህ ወጥመድ የወጣው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከባሕር ስፖንጅ በተገኘ ሞለኪውል መነሻነት የተሠራ ዲ ሲ ኤ የተባለ ንጥረ ነገር ታርን ሳይሆን የታትን አርጂኒናማ ክፍል እንደሚይዝ አሳየች። ሐሳቡ ካደፈጡት ቫይረሶች ታትን ነጥቆ እንዳደፈጡ እንዲቀሩ ማድረግ ነው፤ እስካሁን ያለው ማስረጃ ከላቦራቶሪ ሴሎችና ከአይጦች የመጣ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው "ይህ ፕሮቲን ያንን አር ኤን ኤ ይይዛል" ሲላችሁ በአሜንታ አትለፉት። ሦስት ነገር ጠይቁት። ሲገናኙ ቅርጹን የለወጠው ማን ነው? ፕሮቲኑ የመጣው ብቻውን ነው ወይስ ከማን ጋር? አንዲት ፊደል ወይም አንዲት አሚኖ አሲድ ቀይራችሁ ያንን መያዝ ልታጠፉት ብትፈልጉ የትኛዋን ትነካላችሁ? ለታት መልሱን ይዛችኋል፤ ሁለቱም ተለወጡ፣ ከሳይክሊን ቲ 1 ጋር መጣ፣ 23ኛዋን ዩ ወይም 261ኛዋን ሲስቲን ንኩ። ሦስቱን መመለስ የማይችል ሰው መጣበቁን እንጂ መለየቱን ገና አላስረዳችሁም።